የማጠቢያው ማሽን ቁልፍ

«ጋሼ፣ ዱቄት ሳሙና አይጨመርበትም» አለች ሉላ።

የሆስፒታሉ የጽዳት ኃላፊ ዓለምነህ ሁለተኛውን ጣሳ ሳሙና የወለል ማጠቢያው ማሽን ውኃ ውስጥ ገለበጠ። «አረፋ የሌለው ምን እጥበት ነው?» አላት። ከዚያ የማሽኑ ወንበር ላይ ወጥቶ እንደ ባጃጅ ሹፌር ተመቻቸ።

ሉላ እናቷን አየች። እናትየዋ ለተኪዳን አንገቷን ደፍታ በመወልወያ ጥግ ጥጉን ታሻለች። ይህን ማሽን አራት ዓመት ነድታዋለች። ከሥር ብሩሾቹ ይፈትጋሉ፣ ከኋላ ያለው የጎማ ምላስ ቆሻሻውን ውኃ ሰብስቦ ይመጥጣል፤ ወለሉ ታጥቦ፣ ደርቆ ይቀራል። ሉላም ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎኑ እየሄደች አሠራሩን ሁሉ ለቅማለች።

ወልድያ በትግራይ ታጣቂዎች እጅ በቆየችባቸው ወራት ከሆስፒታሉ ያልተጫነ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ማሽኑ ግን ቀረ። ለተኪዳን የባትሪውን ገመድ ነቅላ፣ ሊወስዱት ለመጡት በትግርኛ «ሞቷል» አለቻቸው። አመኗት። አልጋዎቹ የሚናገርላቸው ስላልነበረ ተጭነው ሄዱ።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ ዓለምነህ ቁልፉን ከእጇ ወሰደ። «በቋንቋቸው ምን እንደተባባሉ ማን ያውቃል?» ብሎ። ለተኪዳን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አዳጎ ሰፈር ነው።

ማሽኑ አሥር ሜትር ያህል በሰላም ሄደ። ከዚያ አረፋው መጣ። መጀመሪያ እንደ ገነፈለ ወተት፣ ቀጥሎ በግ የሚያክል፣ ከዚያ በጎች።

«ያ አላህ!» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ ዘይነባ፣ ባልዲዋን አቅፋ። «ዓለምነህ፣ ደመና ላይ ነው እንዴ የምትነዳው?»

«ዝም በይ! እየጸዳ ነው!»

ማሽኑ ትን እንዳለው ሰው ያስል ጀመር። ሉላ ድምፁን አወቀችው። አረፋው መምጠጫው ሞተር ጋ ከደረሰ ያቃጥለዋል።

ይቃጠል፣ አለች በሆዷ። ጣፋጭ ሐሳብ ነበር። ከዚያ የእናቷን ጉልበት አየች፤ ሰሞኑን ከወለሉ እርጥበት አብጧል። ማሽኑ ከሞተ ይህ ሁሉ ኮሪደር የዚያ ጉልበት ዕዳ ነው።

«እማ፣ ንገሪው።»

«ዝም በይ ልጄ፣ ሌላ ነገር እንዳይሉን።»

«የሚሉትን ብለው ጨርሰዋል እኮ!»

ሉላ አረፋውን እየረገጠች ሄደች፤ ቁልፉን አዙራ ነቀለችው። ማሽኑ ቆመ።

«አንቺ! ማን ፈቀደልሽ?»

«ጋሼ፣ ይውረዱ።»

«ምን?»

«ይውረዱ። ሞተሩ ሊቃጠል ነው።»

«ውረድ እንጂ» አለች ዘይነባ። «ልጅቱ በአንቱታ እየለመነችህ።»

ዓለምነህ ወረደ፤ ተንሸራተተ፤ ማሽኑን አቅፎ ተረፈ። እስከ ጉልበቱ ነጭ ሆኗል። እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን አምጪ!»

ሉላ አለፈችው። እናቷ ጋ ሄዳ መወልወያውን ከእጇ ወሰደች፤ በምትኩ ቁልፉን አስቀመጠችበት።

ለተኪዳን ቁልፉን አየችው። ዓለምነህን አየችው። ቀስ ብላ ቀና አለች። «መጀመሪያ ቆሻሻውን ውኃ ማፍሰስ ነው» አለች። «ከዚያ አረፋውን የሚያጠፋው ኮምጣጤ ነው። ዘይነባ፣ ወጥ ቤት ጠይቂልኝ።»

«በየትኛው ቋንቋ ልጠይቅ?» አለች ዘይነባ፣ ዓለምነህን እያየች።

ለተኪዳን ወንበሩ ላይ ወጣች።

የዓለምነህ እጅ አሁንም እንደተዘረጋ ነበር። ሉላ እጁን አየች፤ የያዘችውን መወልወያ አየች። ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ ባዶውን መተው ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው።

መወልወያውን አቀበለችው፤ በሁለት እጇ።