በሟቹ ክንድ ላይ የተቀመጠችው ካርታ

ሰውየው የተገኘው በጨዋታ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው። የካርታ ጀግኖቹን በደረቱ ተጭኗቸዋል። የሚበርረውም፣ ብረት የሚያቀልጠውም፣ ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፈውም ከሥሩ ተጨፍልቀው ቀርተዋል፤ አንዳቸውም አልደረሱለትም። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ቀኝ ክንዱ ወደ ጠረጴዛው ማዶ ተዘርግቷል፤ ጥፍሮቹ እንጨቱን ቧጭረውታል። አንድ ነገር ለመያዝ የተንጠራራ ሰው ክንድ ነበር።

መርማሪዋ አስከሬኑን ዞራ አየችውና ወንበር ስባ ማዶው ተቀመጠች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መዥገር» ይሏታል፤ ከተጣበቀች አትነቀልም ለማለት ነው። ሰምታለች። አልከፋትም።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ አለቃ» አለ ረዳቷ። «ሟቹ የካርታ ጨዋታ ፈጣሪ ነው። የልዕለ ጀግኖች ጨዋታ። የመጀመሪያው ሳጥን እንደ ጉድ ተሸጠለት። አሁን ደግሞ ማስፋፊያውን ሊያሳትም ነበር፤ ከድሮው ጋር የሚደባለቁ አዳዲስ ጀግኖችና ክፉዎች ያሉበት ሁለተኛ ሳጥን ነው። አስም ነበረበት። ሲነሣበት በአፉ የሚስባት ፓፍ ሚስቱ ቦርሳ ውስጥ፣ ከሕፃኑ ዳይፐር ሥር ተገኘች።»

«ማን አገኛት?»

«አማቷ። ትናንት ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁም ጎረቤት ሰምቷል። አዛዡ ሳይመሽ ትታሰር ብሏል።»

«ሕፃኑስ?»

«አያቱ ትወስደዋለች። ልብሱን ጠቅልላ ጨርሳለች።»

መርማሪዋ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። ዓይኗ ጠረጴዛው መሐል ላይ ነበር። አምስት ጀግኖች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። አራቱ እንጨቱ ላይ ናቸው። ሦስተኛዋ፣ ነጎድጓድ የምትወረውረው ሴት፣ ሟቹ እጅጌ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀጥ ብላ፣ ከአራቱ ጋር ተስተካክላ።

«ሲወድቅ ተንሸራታ የወጣችበት ናት» አለ ረዳቷ።

«ይሆናል።»

መርማሪዋ በተቀመጠችበት በኩል ደግሞ የሌላ ተጫዋች ካርታ ነበር። አምስት ካርታ ተስቦ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ያለው ክምር ላይ አንድ ጀግና ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቷል።

የሟቹ ስልክ ጮኸ። አነሣችው። ደዋዩ ሰላምታም አልሰጠ።

«ጌታው፣ ጠዋት ያልከኝን ለውጥ አስገብቻለሁ። የተገዛ ጀግና ከክምሩ አናት። ‹ማታ ነው የታየኝ፣ ገና ለነፍስ አልተናገርኩም› ያልከኝን እኔም አልተነፈስኩም። ማሽኑ ሞቋል፣ ልተም?»

«አትተም። ማን ልበል?»

«አታሚው ነኝ። አንቺስ?»

«ፖሊስ። ጌታህ ሞቷል።»

ሰውየው «ታዲያ ወረቀቱን ምን ላድርገው?» ሲል ጠየቀ። ዘጋችበት።

ሚስትየዋ መኝታ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ልጇን ታጠባለች። በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆሞባታል። ልጁ ይጠባል፤ እሷ ፖሊሱን እያየች ደጋግማ ታቅፈዋለች። ከእጇ እንደሚወስዱት ነግረዋታል።

«ጠዋት የት ነበርሽ፣ እህቴ?»

«ጤና ጣቢያ። ክትባት ነበረው። ስመለስ… እንዳያችሁት ነው። ቦርሳውን እዚያው ጥዬ፣ ልጁን እንደታቀፍኩ እየጮህኩ ወደ አማቴ ወረድኩ። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። እኔ ልጁን ይዤ እዚያው ቀረሁ፤ እሳቸው ወጡ።»

«ፓፏ ቦርሳሽ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«እኔ እንጃ! ነርሷ ልጁ አበላሽቶ ዳይፐር ስትፈልግ ቦርሳውን ገልብጣ አራግፋዋለች። ያኔ አልነበረችም። ሂዱና ጠይቋት።»

«እጠይቃታለሁ። ትናንት ምን አጣላችሁ?»

«ወንድሙ። ማስፋፊያው ውስጥ ‹ጥገኛ› የምትባል ካርታ አለች። ምንም አትሠራም። ቦታ ይዛ እጅ ታጨናንቃለች፤ ሰው ጠላቱ ላይ የሚያራግፋት ናት። ፊቷን የወንድሙን አድርጎ አሣለው። ነውር ነው አልኩት። ‹አንቺንም ልጨምርሽ?› አለኝ።»

«ብቻውን ይጫወት ነበር?»

«ሁልጊዜ። በሁለቱም ወገን እየተቀመጠ። ከራሱ ጋር ሲጨቃጨቅ እንሰማዋለን።»

«ጨዋታውን አስተምሪኝ።»

ሚስትየዋ ቀና አለች። «አሁን?»

«አሁን። ሲሞት ያየችው ያቺ ጠረጴዛ ናት። ቋንቋዋን ካላወቅሁ አትነግረኝም።»

«ሁሉም በደካማ ካርታ ነው የሚጀምረው። ከክምርሽ አምስት ትስቢያለሽ። ባለሽ ኃይል መሐል ከተደረደሩት አምስት ጀግኖች አንዱን ትገዢያለሽ። የገዛሽው ወደ ተጣሉት ካርታዎች ይሄዳል፤ ክምርሽ አልቆ እንደገና ሲፐወዝ ነው እጅሽ የሚገባው። መሐል የጎደለው ወዲያው ይተካል። ከዚያ አዲስ አምስት ስበሽ ትቀመጫለሽ፤ ተራው የሌላው ነው።»

«የጎደለው ባይተካስ?»

«ኧረ እሱ ጣራ ይነቅላል! እጃችን ነው ሳናዘው የሚተካው። ልማድ ሆኖብናል።»

መርማሪዋ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ሴትየዋ «ልጄን አትስጧት» አለቻት። መርማሪዋ ቃል አልገባችም። ባዶ ቃል አትወድም።

የካርታዎቹ ሠዓሊ ቀጣዩ ክፍል ውስጥ ቀለሟን እየሰበሰበች ነበር። ሬሳው ሳይወጣ ሌላ ሥራ ማሰብ ጀምራለች።

«ዛሬ መቼ መጣሽ?»

«ጩኸቱ ሲሰማ ሰው ደወለልኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልመጣሁም።»

«ጥገኛን አንቺ ነሽ የሣልሻት?»

«ሣይ አለኝ፣ ሣልኩ። አፍንጫውን አስረዝሚው አለኝ፣ አስረዘምኩት። ወንድምየው አይቷት ‹ተዋት› ብሎ ለመነው። ሟቹ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።»

«አላሳዘነሽም?»

«ፊቱ ለመሣል ይመቻል።»

«የተገዛ ጀግና የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ?»

«እኔ እሥላለሁ እንጂ አልጫወትም። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሁሉ ዱቄት ይቅማል እንዴ?»

አሮጊቷ ምድር ቤት በራፏ ላይ፣ ከደረጃው እግር ሥር፣ ወንበሯ ላይ ነበረች። እግሯ ሥር የሕፃን ልብስ የታጨቀበት ከረጢት አለ። ልጇ ፎቅ ላይ ተዘርግቶ እሷ ካልሲ ትቆጥር ነበር።

«እግዜር ያጽናዎ፣ እማማ። ጠዋት ማን ወጣ፣ ማን ወረደ?»

«እሷ ብቻ። ሌላ የለም።»

«ሳያዩት ያለፈ ሰው አይኖርም?»

«እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ድመት አታልፈኝም! ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቂ።»

«ታናሽየው ልጅዎስ?»

«እሱ ምስኪን ከትናንት ጀምሮ ደጄን አልረገጠም። እኔ ደውዬ ነው የጠራሁት፤ ሲደርስ እናንተ በሩን ይዛችሁ ነበር።» ጎንበስ ብላ ከረጢቱን አስጠጋች። «ያቺን እባብ መቼ ነው የምታወርዱልኝ? ልጁ የእኛ ደም ነው። በእሷ ጡት መመረዝ የለበትም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ማዕድ ቤት ቆሞ ውሃ ይጠጣ ነበር። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ረጋ ያለ። የጨዋታውን ሕግ በጽሑፍ የሚያዘጋጀው እሱ ነው።

«ወንድምህ ይጠላህ ነበር?»

«ይቀልድብኝ ነበር። ታላቅ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ ታናሽ ነኝ» አለና ፈገግ አለ። «ታናሽ ይስቃል።»

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው?»

«ትናንት ቀን። ዛሬ እናታችን ስትደውል ነው የመጣሁት።»

«ጨዋታውን አስተምረኝ እስቲ። እኔ አእምሮዬ ደረቅ ነው፣ ቀስ ብለህ።»

ደስ አለው። ብርጭቆውን አስቀምጦ በጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ሰልፍ ሠራላት። «አምስት ይስባሉ። አንድ ጀግና ይገዛሉ። የገዙትን፣ አዲሱን አምስት ከሳቡ በኋላ፣ ከክምርዎ አናት ያስቀምጡታል። በሚቀጥለው ዙር አምስት ሲስቡ እሱ ቀድሞ እጅዎ ይገባል ማለት ነው፣ ግን ክፉው ካልነጠቀዎ። ለዚህ ነው ፊቱን ወደ ላይ የሚያደርጉት፤ ተጋጣሚዎ አይቶት አንድ ዙር ይጠብቀዋል።»

«ግሩም ሕግ ነው።»

«ጨዋታውን ያበላሸዋል» አለ። «ግን ሕግ ነው።»

አመሰገነችው። ወጥታ ለጤና ጣቢያው ደወለች፤ ነርሷ ቦርሳውን ማራገፏን አልካደችም። ከዚያ ሁሉንም ወደ ጨዋታው ክፍል እንዲያስገቡ አዘዘች።

ሬሳው ተነሥቷል። ካርታዎቹ ግን መርማሪዋ ባዘዘችው መሠረት እንደነበሩ ናቸው፤ የሟቹ ክንድ በነበረበት ቦታ አንድ ጥቅልል ጨርቅ ተጋድሟል፣ ነጎድጓዷም ላዩ ላይ ናት። ሚስትየዋ ልጇን ታቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች። አሮጊቷ ከፊቷ ቆማ እጇን ለልጁ እንደዘረጋች ናት። ሠዓሊዋ ሰዓቷን ታያለች። ወንድምየው ለእናቱ ወንበር አቀረበላት።

«እኔ ብዙ አላወራም» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ ይቺን ካርታ እዩ። ረዳቴ ተንሸራታ ነው ይላል። ተንሸራታ የወጣች ካርታ ሰልፍ አትይዝም። ይቺ በቦታዋ ናት፣ ከጎረቤቶቿ እኩል ርቃ። ቦታዋ ላይ ግን ክንድ ነበረበት። ሟቹ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ጀግና ገዝቶ፣ የጎደለውን በክንዱ ላይ ተክቷል። የሞተ ሰው በራሱ ክንድ ላይ ካርታ አያስቀምጥም።»

ሠዓሊዋ ሰዓቷን ማየት ተወች።

«ማለት…» አለች ሚስትየዋ።

«ማለት፣ እህቴ፣ ባልሽ አየር አጥሮት ሲንፈራገጥ ማዶው የተቀመጠው ሰው ተራውን ተጫውቷል። ገዝቷል፣ ተክቷል፣ አዲስ አምስት ስቦ ተቀምጧል። ያውላችሁ አምስቱ። እጅ የለመደውን ይሠራል።»

«ታዲያ እሷስ መጫወት አትችልም?» አለች አሮጊቷ። «ያስለመዳት እሱ ነው!»

«ትችላለች። ግን የገዛው ጀግና የት እንደተቀመጠ እዩት። ከክምሩ አናት፣ ፊቱን ወደ ላይ። እሷ ስታስተምረኝ የተገዛ ጀግና ወደ ተጣሉት ይሄዳል አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እስከ ትናንት ሕጉ ያ ነበር። ሟቹ ሌላ ሕግ የታየው ማታ ነው። ዛሬ ጠዋት ለአታሚው ሲደውል ገና ለነፍስ አልተናገርኩም ብሎታል። ስለዚህ አዲሱን ሕግ የሚያውቅ ሰው አንድም አታሚው ነው፣ አንድም ከዚያ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተ ትናንት ነው ያየሁት ብለኸኛል። አዲሱን ሕግ ግን አሳምረህ አስተማርከኝ። ሕግ ጸሐፊ ነህና አዲስ ሕግ ሲሰማ አሮጌው ከጭንቅላትህ ይወጣል። ያጋለጠህ ሥራህን መውደድህ ነው።»

ወንድምየው አልደነገጠም። ዓይኑን ከካርታዎቹ ላይ አልነቀለም።

«ፓፏስ?» አለ ረዳቷ። «እሱ ሲመጣ በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቦርሳው አጠገብ አልደረሰም።»

«አልደረሰም። ነርሷም ቦርሳውን ስታራግፍ ፓፍ አላየችም። ከጤና ጣቢያ መልስ ቦርሳውን የነኩት አንድ ሰው ናቸው።» አሮጊቷን አየቻት። «እማማ፣ ድመት አታልፈኝም ያሉኝን አምኜዎታለሁ። ልጅዎ ሲወጣም ሲወርድም አይተውታል። ፓፏን ከእጁ የተቀበሉት ያኔ ነው። ምራትዎ ስትጮህ ወጥተው፣ የገዛ ልጅዎን ሬሳ አልፈው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱባት። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ልጅዎ ይተርፋል፣ የልጅ ልጅዎ እጅዎ ይገባል።»

አሮጊቷ አፏን ከፈተች። ወንድምየው ቀደማት።

«ተዪው፣ እማዬ።» ድምፁ እንደ ቅድሙ የረጋ ነበር። «አዲሱን ሕግ ላሳይህ ብሎ ጠራኝ። ጥገኛዋን በመጀመሪያው ዙር ላዬ ላይ አራገፈብኝ። ‹ፊትህን ጨብጠው› አለኝ። ከዚያ ሳቅ ሲያፍነው ያለከልክ ጀመር። ፓፏ ከካርታው ጎን ነበረች፤ ወደ እኔ ሳብኳት። እጁን ዘረጋ። ‹ተራህን ጠብቅ› አልኩት።»

ሚስትየዋ የሚጠባውን ልጇን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች።

«ከልጅነታችን ጀምሮ እሱ ነበር እንዲህ የሚለኝ» አለ። «ተራዬን በደንብ ተጫወትኩ። እየመራሁት ነበር፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።»

ረዳቷ ካቴና አወጣ። ወንድምየው እጁን ራሱ ሰጠው።

ያን ጊዜ አሮጊቷ መርማሪዋ ላይ ተወረወረች። «አንዱን ሞት ወሰደው፣ አንዱን አንቺ! እሷን ብትወስጂ ምን ነበረበት? ባዳ ናት! ባዳ ብትታሰር ማን ያለቅሳል?»

«ልጇ» አለች መርማሪዋ። «እርስዎንም ነገ እጠራዎታለሁ። ሁለቱንም ያሳደጉልን እርስዎ ነዎት፤ የምንጫወተው ወሬ አናጣም።»

ወንድምየውን ይዘው ወረዱ። ሠዓሊዋ ቀለሟን አንሥታ ሹልክ አለች። መርማሪዋ ካርታዎቹን በኤግዚቢት ከረጢት ሰብስባ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ሴቶችና ሕፃኑ ቀሩ።

አሮጊቷ ወንበሩ ላይ አንሳ ታየች። «ልጄ» አለች፤ ምራቷን እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። «አንዴ ላቅፈው። ከእሱ በቀር ማን ቀረኝ?»

ሚስትየዋ የልጁን መጠቅለያ አስተካከለች። አሮጊቷ ልትሰጣት መስሏት ክንዶቿን አመቻቸች።

«ማንም አልቀረዎትም» አለቻት ሚስትየዋ። «ይውረዱ፣ እማማ። ደረጃው ሳይጨልም።»

አሮጊቷ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጣች። ሚስትየዋ ልጇን ወደ ትከሻዋ አዛውራ፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች፣ የሴትየዋ እግር ደረጃ በደረጃ ሲወርድ አዳመጠች። አንድ ቦታ ላይ አዳልጧት የመውደቅ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ማቃሰት። ልጁ አገሳ። እናቱ «ጎሽ» አለችውና በሩን ቀረቀረች።