የአርባ አንድ ሰከንድ ለቅሶ

አስፈሪ ታሪክ ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ይጀምራል። የእኔ እንደዚያ አይደለም።

የእኔ የሆነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ወደ ሥራው ሲመለስ።

እዚህ ቻናል ላይ የሚለጠፈውን ሳነብ «ፈጠራ ነው» ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ። እናንተም እንደዚያ ብትሉኝ አልቀየምም። ግን ሆኗል፣ በእኔ ላይ ነው የሆነው። የድምፅ ቅጂውን አጥፍቼዋለሁ፣ ስለዚህ «ላኪልን» አትበሉኝ።

ቢኖረኝም አልልክላችሁም...

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፣ ጥራዝ ክፍል። የታተመውን ወረቀት በገጽ በገጹ እንደረድራለን፣ እንሰፋለን፣ ሽፋን እናለብሳለን። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ስመለስ ልጄ ሦስት ወር ከአሥር ቀኑ ነበር።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ቀን ቀን ልጁን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው።

እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጡቴ እንዳይነጥፍ።

እውነቱን ልናገር። ከወለድኩ ጀምሮ በደንብ የሆነልኝ ነገር ማጥባት ብቻ ነው። ገላውን ሳጥበው ከእጄ ሊያመልጠኝ ይደርሳል። ሲያለቅስ አማቴ በአንድ እጃቸው ዝም የሚያሰኙትን ልጅ እኔ በሁለት እጄ ያቅተኛል። ጡት ግን የእኔ ብቻ ነው፤ ማንም አይተካኝም። እሱ ከነጠፈ እኔ ለልጄ ምኑ ነኝ? ጠዋት ወጥታ ማታ የምትመለስ አንዲት ሴት።

ክሊኒክ የምትከታተለኝ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ደህና አድርጋ መክራኝ ነበር። ጡት የሚሰጠው በተጠየቀው ልክ ነው አለችኝ። በሦስት በሦስት ሰዓት ካልታለበ የሚፈልገኝ የለም ብሎ ይዘጋል። ውሃ ጠጪ። ስታልቢ ልጅሽን አስቢ፣ ፎቶውን እዪ፣ ድምፁን ስሚ።

ድምፁን ስሚ ነው ያለችው። አስለቅሰሽ ቅጂ አላለችም። እሱ የራሴ ጥበብ ነው።

አለቃችን የወረቀት መጋዘኑን ቁልፍ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ነበር፤ ስድስት ልጅ የወለደ ሰው «ጡት» የሚለውን ቃል ከእኔ እንዳይሰማ ፈርቶ። «ለ... ለዚያ ጉዳይሽ» አለና ሄደ።

መጋዘኑ እስከ ጣሪያው በወረቀት ክምር የተሞላ ነው። ወረቀት ድምፅ ይበላል። በሩን ስትዘጉት የማሽኑ ጩኸት ጥርቅም ይልና የራሳችሁን ትንፋሽ ብቻ ትሰማላችሁ።

እዚያ አንድ ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ የጡት ማለቢያዬን ይዤ፣ አምስት ሰዓት ላይና ስምንት ሰዓት ላይ እጠብቃለሁ።

ጠብ አይልም።

ፎቶውን አየሁ። የለበሰውን ሹራብ አሸተትኩ። ምንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ። ቤት ስገባ ደግሞ ልጄን ገና በሩ ላይ ስሰማው ወተቱ ልብሴን አርሶት ይወርዳል። ያኔ ነው የገባኝ... ጡቴ የሚታዘዘው ለለቅሶው ነው።

እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አማቴ የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ ወጥተዋል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጄ ብቻ ነን።

ከእንቅልፉ ነቃ። ርቦታል። ማልቀስ ጀመረ።

ስልኬን አወጣሁ።

አልጋው አጠገብ ቆሜ መቅዳት ጀመርኩ። አየኝ። እጁን ዘረጋልኝ።

እኔ ስልኬን ዘረጋሁለት።

አሥር ሰከንድ ይበቃኝ ነበር። ግን ትንሽ ይጨምር፣ አንጀቴን በደንብ ይብላው ብዬ ቆምኩ። ለቅሶው እየተሰበረ መጣ። ትንፋሽ አጠረው። የዘረጋው እጁ ደከመውና ወረደ...

አርባ አንድ ሰከንድ።

ከዚያ ስልኩን ዘግቼ አነሳሁት፣ አጠባሁት፣ ሳምኩት። ግን ወላድ ትፍረደኝ። ልጄ ሲጠራኝ አጠገቡ ቆሜ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ መጋዘን ውስጥ ቅጂውን ከፈትኩት። ገና የመጀመሪያውን «እንጋ» ስሰማ ወተቱ ወረደ። ሁለት ጡጦ ሞላ። በደስታ ብቻዬን ሳቅኩ።

ለሙጫ ነገርኳት። ሙጫ የምንላት የመጽሐፍ ጀርባ የምትለጥፈዋን ነው፤ ወሬም ከያዘች አትለቅም። ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም የሚባለውን አንቺ በስልክ አደረግሽው ብላ ሙሉ ክፍሉን አሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አሥር ቀን እንዲህ ሄደ። በየቀኑ ሁለት ጡጦ፣ በበረዶ ከረጢት ይዤ ወደ ቤት። እንደ እኔ የኮራ ሰው አልነበረም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ለቅሶው ቶሎ አለቀ።

ቅጂው አልተቋረጠም። ቁጥሩ ይሄዳል... ሠላሳ አራት... ሠላሳ አምስት... ለቅሶው ግን ሠላሳ ሦስት ላይ ቆሟል። የቀረው ስምንት ሰከንድ ዝምታ ነው።

ስልክ ነው፣ ያረጃል ብዬ አለፍኩት። ያን ቀን የሞላው አንድ ጡጦ ተኩል ነው።

በማግስቱ ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። አንድ ጡጦ።

በሦስተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ ላይ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

ዝምታ አልነበረም...

ጠባ፣ ጠባ፣ ጠባ... ዋጠ።

ጠባ፣ ጠባ፣ ጠባ... ዋጠ።

አጥብታ የምታውቅ ሴት ይህን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሀል ትለየዋለች። ልጄ እየጠባ ነበር። ያን እሁድ ግን ያጠባሁት መቅጃውን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ማለቢያውን አየሁት። ሥሩ ላይ ጣት የማይሞላ ወተት አለ።

ቤት ስገባ ጠዋት ያስቀመጥኩት ጡጦ እንዳለ ነበር። ነገሩ የዚያን ቀን ብቻ አልነበረም። ሦስቱንም ቀን አማቴ ጡጦውን ሳይነካ ነው የመለሱልኝ። እምቢ አለ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይነቃል፣ አያለቅስም፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ጠገበ ልጅ ይተኛል ይሉኛል።

ምን ጠጥቶ ነው የሚጠግበው?

ተደብቀው ሌላ ወተት እየሰጡት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ መተው አልቻልኩም።

«እማማ... ከጡጦው ሌላ የሚሰጡት ነገር አለ?»

የሚተኩሱትን ልብስ ትተው አዩኝ። ሰባት ልጅ አሳድገው በስተርጅና በልጅ ልጃቸው መታማታቸው እንዳሳዘናቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር፣ ልጄ። ስምንት ሰዓት ላይ ትመጫለሽ እንዴ?»

«የት?»

«እዚህ። ቤት።»

«አልመጣም። ሥራ ላይ ነኝ።»

የልብስ መተኮሻውን ጨርቅ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

«በክፍሉ ሳልፍ ወተት ወተት ይሸተኛል። የአጥቢ ሴት ሽታ። አንሶላውም ይረጥባል። ሳትነግሪኝ መጥተሽ አጥብተሽው የምትሄጂ መስሎኝ... ቅር ብሎኝ ነበር።»

ሁለታችንም ወደ ልጁ ክፍል ዞርን። ልጄ አልጋው ላይ ተኝቷል። አንሶላውን ነካሁት። በራስጌው በኩል አልነበረም የረጠበው፤ ከጎኑ፣ ሰው ቢተኛ ደረቱ በሚያርፍበት ቦታ ነበር።

በማግስቱ ሙጫን ጎትቼ መጋዘን አስገባኋት። በሩን ዘጋሁ። ቅጂውን ከፈትኩት። ከለቅሶው የቀረው ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ነው።

ሙጫ ጎንበስ ብላ ሰማች። ፊቷ ላይ ሳቅ ነበረ፤ ቀስ እያለ ሄደ።

«ማን ናት?»

«ማን?»

«የምታባብለው። አማትሽ ናቸው?»

«ብቻዬን ነበርኩ እኮ።»

«ስሚያ...»

ሰማሁ። ከመዋጡ ሥር፣ ከልጄ ትንፋሽ ጋር አብሮ፣ የሴት ድምፅ አለ። በጣም ዝቅ ያለ። የክፉ ሰው ድምፅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ግን ደግ ድምፅ ነው። ትዕግሥት ያለው። እኔ ለልጄ እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም።

«አለሁ... አለሁልህ... አለሁ...»

ሙጫ ስልኩን እጄ ላይ አልመለሰችልኝም። የወረቀቱ ክምር ላይ አስቀምጣው እጇን በጋውኗ ጠረገች።

«አጥፊው» አለችኝ።

አጠፋሁት።

ጡቴም አብሮ ነጠፈ። ያን ቀን ጠብ አላለም፣ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ።

ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ ቤት ዋልኩ። ሲስተር ያስተማረችኝን ሁሉ አደረግሁ። ውሃ ጠጣሁ። ልጄን ራቁቱን ደረቴ ላይ አስተኛሁት። በየሰዓቱ ጡቴን አፉ ላይ አስጠጋሁ። አያለቅስም፣ አይናደድም። የጠገበ እንግዳ ሳህን እንደሚመልስ በትንሽ መዳፉ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ወደ ሌላው ጎኑ ይዞራል። ዞሬ በዚያ በኩል ብተኛ፣ ተመልሶ ወደዚህ ይዞራል።

ፈራሽ ወይ ብትሉኝ፣ ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ምርር ያለ ቅናት። ለባለቤቴ ደውዬ ጡቴ ነጠፈ አልኩት። ሌላውን ግን ምን ብዬ እነግረዋለሁ? አይዞሽ፣ ያጋጥማል፣ ዋናው ልጁ ደህና መሆኑ ነው አለኝ።

ልጁ ደህና ነበር። ሌላ ሰው ደህና አድርጎ ይዞት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን የክሊኒክ ቀጠሮው ደረሰ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከእኔ ጠብታ ወተት አልቀመሰም፣ ጡጦም አልነካም። ሊሞትብኝ ነው እያልኩ ሚዛን ላይ አስተኛሁት።

የሚመዝነው ሰው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየው።

«ዘጠኝ መቶ ግራም ጨምሯል» አለና ካርዱ ላይ ጻፈ። ከዚያ አጠገቡ ላለችው ልጅ በሹክሹክታ፣ «እናትየው ጎበዝ ናት» ሲላት ሰማሁት።

ሲስተር እስክትጠራን ኮሪደሩ ላይ እንድንጠብቅ ተነገረን። አንድ ረጅም፣ ስፖንጅ ያለው መቀመጫ አለ። ሌላ ባለጉዳይ አልነበረም። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፣ ልጄን ጭኔ ላይ አስተኛሁት። በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።

አንድ ደቂቃ...

ልጄ ነቃ። አላለቀሰም። አንገቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ከእኔ ወዲያ፣ ማንም ወዳልተቀመጠበት ወገን። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ ጡት ደህና አድርጎ ሲይዝ እንደሚያደርገው።

ጠባ፣ ጠባ፣ ጠባ... ዋጠ።

ከአፉ ጥግ ነጭ ነገር ወረደና ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። በጣቴ ነካሁት።

ትኩስ ነበር።

መጮህ ነበረብኝ። ልጄን አንስቼ መሮጥ ነበረብኝ። ግን ርቦታል... እኔ ደግሞ የምሰጠው የለኝም።

እስኪጠግብ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ያዝኩላት።

ለቀቀ። በረጅሙ ተነፈሰ። ዓይኑን ከደነ።

በሩ ተከፈተ። ሲስተር ካርዱን እያየች፣ ቀና ሳትል ጠራች።

«የሕፃኑ እናት ትግባ።»

እኔ ገና አልተነሳሁም።

አጠገቤ ያለው ስፖንጅ ግን፣ የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ እንደሚያደርገው... ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ።