ስምንት ከአስር

«ይሄ ፋይል መቼ እንደተቀዳ አውጪልኝ» አሉ መምህር ሰይፈ።

ሶልያና ማውሱን ያዘች። መምህር ሰይፈ ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ኮምፒውተር ላይ ግን እጃቸው አይፈታም። በተማሪዎቹ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ፋይሎቹ በትንንሽ ምስል ተደርድረዋል። አንዱ ገና ያልተሰጠው የሒሳብ ፈተና ቅጂ ነው። ምስሎቹን ወደ ዝርዝር ቀየረቻቸው። ከላይ ያለውን ርዕስ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ክሊክ አድርጋ፣ ፋይሉ የተፈጠረበትን ጊዜ የሚያሳየውን ዓምድ ጨመረች። የትናንት ቀን ወጣ፤ ከጎኑ 8:10።

«ስምንት ከአስር! ያን ሰዓት እዚህ ማን ነበር?»

ክፍሉ ሁሉ ወደ ኢስራ ዞረ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጽዳት ተረኛ እሷ ነበረች።

«ቲቸር፣ ወላሂ እኔ የነካሁት መጥረጊያ ብቻ ነው!»

«ፈተናውን ቶጎጫሌ ድንበር ወስደሽ ልትሸጪው ነበር?» አለ ጉሃድ ከኋላ። ተሳቀ።

«ቦርሳሽን ያዢ» አሉ መምህሩ። «ወላጅ ሳታመጪ እንዳትመለሺ። ፈተናም አትቀመጪም።» የመጥሪያ ደብዳቤ ሊጽፉ ጎንበስ አሉ።

ኢስራ አለቀሰች። ሶልያና አየቻት፤ ምንም አልተሰማትም። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ናት፤ ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ሲበተን ያልተለየቻት ሂቦ ብቻ ናት።

ሂቦ አሁንም አጠገቧ ናት። «ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ» አለቻት በሹክሹክታ። «ላንቺም ብዬ ነው የቀዳሁት።»

ትናንት ጠዋት፣ ክፍል ሳይገባ፣ «አሳይመንት ፕሪንት ላደርግ ነው፣ በር ላይ ጠብቂኝ» ብላት ነበር። ሶልያናም ጠብቃታለች። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የሱ ስምንት የኛ ጠዋት ሁለት ነው። ዓምዱ ጠባብ ሆኖ የሰዓቱ መጨረሻ ተቆርጦ ነው እንጂ እዚያው ተጽፏል።

ኢስራ ቦርሳዋን አነሳች።

ሶልያና የዓምዱን ጠርዝ ይዛ ወደ ቀኝ ጎተተችው። ኤኤም የሚሉት ሁለት ፊደላት ወጡ።

«ቲቸር፣ ይሄ የጠዋት ነው። ሁለት ከአስር ማለት ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ተጠጉ። «ታዲያ ጠዋት ማን ነበር?»

የሂቦ ጉልበት በጠረጴዛው ስር ገፋ አደረጋት። ሶልያና አልዞረችም።

«እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር» አለች።

ማውሱን ለቀቀችና፣ የቀረውን ሂቦ እንድትናገረው ጠበቀች።