በአራት መስመር የተነበበ አባት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ቃሌ ቢሻክር ይቅርታ አልጠይቅም። የማወራችሁ የራሴን ቤት ጉድ ነው። እናንተም ቤት ሳይገባ አይቀርም።

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ በሚርቅ ከተማ ብቻውን ይኖራል። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ካለ በኋላ ወሬ ያልቅበታል። እስክሪብቶ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ነው። በየወሩ ለታላቅ እህቴ ስምንት ዘጠኝ ገጽ ይጽፋል፤ የጎረቤቱን ጠብ፣ የድመቷን ውሎ፣ ጋዜጣ ላይ ያነበበውን ሁሉ። መጨረሻው ላይ «ለወንድምሽም አንብቢለት» ይላል።

እህቴ በአንድ የመድን ድርጅት የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ ናት። ሥራ ይበዛባታል፤ አልክድም። ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቷ ረጃጅም ሪፖርቶችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሳጠር ጀመረ። አርባ ገጽ ያስገባሉ፣ ግማሽ ገጽ ይወጣል። ነገሩ ጣማት። አንድ ቀን የአባዬን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለዚያው ፕሮግራም ሰጠችው። ያወጣላትን አራት መስመር ለእኔም ላከችልኝ።

«አባትዎ በጥሩ ሁኔታ ላይ ናቸው። የሚገዙት አምፖል ጥራት እንደሌለው ይገልጻሉ። የጋዜጣው ሕትመት እንደ ቀድሞው አይደለም የሚል ቅሬታ አላቸው። ለቤተሰቡ ሰላምታ ያቀርባሉ።»

«ተገላገልን» አለችኝ ደውላ። «ዘጠኝ ገጽ ሙሉ ስለ አምፖል ነው ለካ የሚጽፈው።»

ሳቅሁ። ያ ሳቄ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በአሥራ አንድ ወር አሥራ አንድ ደብዳቤ መጣ። ሁሉም ፎቶ ተነሥቶ መሳቢያ ገባ። በሦስተኛው ወር እህቴ አንድ ካርቶን አምፖል ገዝታ በአውቶቡስ ላከችለትና የልጅነቷን ያደረገች መሰላት። የሚቀጥለው ማጠቃለያ «ስለ አምፖሎቹ ያመሰግናሉ፤ እነዚህም ጉድለት እንዳለባቸው ይጠቁማሉ» አለ።

«ምንም ብታደርጊለት አይጥመውም» አለች።

እዚህ ላይ የቤታችንን አመል ልንገራችሁ። በእኛ ቤት «አመመኝ» ማለት ነውር ነው። የታመመ ሰው ዕቃ ይወቅሳል። እናታችን ልቧ ሲደክም የወቀሰችው ደረጃውን ነበር፤ «ይህን የሠራው ሰው እግር አልነበረውም እንዴ?» ትል ነበር። አጎታችን ጆሮው ሲከብደው ሬዲዮኑን ሦስት ጠጋኝ ዘንድ አዙሯል። እኔም እህቴም ይህን ስናይ ነው ያደግነው። ማሽኑ ከየት ያውቃል? አባዬ አምፖሉን እንዴት እንደሚወቅስ አንዴ ገጹን ገልጠን ብናነብ ኖሮ፣ ነገሩ ወዲያው ይገባን ነበር።

አንድ ሰኞ የአባዬ ጎረቤት የሆነች ልብስ ሰፊ ደወለችልኝ። «አባታችሁ በጠራራ ፀሐይ ቦይ ውስጥ ገቡ። አጥንታቸው ደህና ነው፤ ዓይናቸው ግን አያይም። ልጆቻቸው አታውቁም እንዴ?» አለች። ንቀቷ ይሰማኝ ነበር፤ ይገባናል።

አምጥተን ለዓይን ሐኪም አሳየነው። ሐኪሟ ቀኝ ዓይኑን ደጋግማ አየች። ግላኮማ ነው፣ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል አለች። የቀኙ ብርሃን አይመለስም። የግራው በጠብታና በቀዶ ሕክምና ባለበት ሊቆይ ይችላል።

«አባባ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ነገር ማየት የጀመሩት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

አባዬ ፊቱን ወደ እህቴ አዞረ። «እሷ ትንገርሽ። ቀኑን ሳይቀር ጽፌላታለሁ።»

ሐኪሟ እህቴን ጠበቀች። እህቴ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

ኮሪደሩ ላይ ተጣላን። «አባትሽን ለማሽን ጥለሽ!» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው? አንድ ቀን 'እስቲ ደብዳቤውን አምጪው' ብለኸኛል? አራቱን መስመር እንኳ 'እሺ' ብለህ ነው የምታልፈው።»

«ሥራ አለብኝ።»

«እኔስ? ደግሞ ማጠቃለያው ምን ዋሸ? አባዬ ያልጻፈውን አንድ ቃል አሳየኝ።»

የሚያናድደው ይኸው ነው፤ አልዋሸም። ቤት ገብተን መሳቢያውን ከፈትን። አራተኛው ደብዳቤ ላይ እንዲህ ይላል፤ «በወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የላክሽልኝን አምፖል ሳበራ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ከበበው። ፋብሪካውን ምን ነካው?» ሰባተኛው ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ አድርጎ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል። ዘጠነኛው ላይ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ተጽፏል። ማሽኑ ያንን የተደራረበ ጽሑፍ ለቅሞ፣ አስተካክሎ፣ ንጹሕ አራት መስመር አድርጎ ሰጠን። እህቴ ዘጠነኛውን ደብዳቤ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አላባበልኳትም።

በማግስቱ ሐኪሟ አራተኛውን ደብዳቤ አነበበች። «ያኔ ብታመጧቸው ሁለቱም ዓይን ሊተርፍ ይችል ነበር» አለች።

አባዬ አሁን እህቴ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ጋዜጣ ታነብለታለች። እሱም አያዝንላትም። «ዘለልሽ» ይላታል፤ ተመልሳ ታነባለች። ለእሷ አንድም የምሕረት ቃል ሲወጣው አልሰማሁም። እሷም አልጠየቀችም።

ወገኖቼ፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አሳጥሩ፤ ግድ የለኝም። ሰው ለእናንተ ብሎ የጻፈውን ግን ራሳችሁ አንብቡ። ማሽኑ የተጻፈውን ያውቃል እንጂ ጸሐፊውን አያውቅም። አባታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ካላነበባችሁ የሚያውቀው የለም። «ጊዜ የለኝም» የምትሉም አትድከሙ፤ እኛም ያልነው ይህንኑ ነው።

ባለፈው እሑድ አባዬ አጠገብ ተቀምጬ፣ «ያን ጊዜ ብቻህን ሆነህ ምን ተሰማህ?» አልኩት።

«ጽፌዋለሁ» አለኝ።

«ከአንተው አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

«ጽፌዋለሁ አልኩህ። አንብበው።»

አሥራ አንዱንም አምጥቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሱ የወረቀቱን ድምፅ ያዳምጣል። ሁለት ገጽ ባንዴ ብገልጥ ያውቅብኛል።