በሩን የሚመታው ጩጬ

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ሆኗል። ማመን የከበደው ሰው ካለ፣ የቆርቆሮው በር ዛሬም ዶሃ፣ አል ቱማማ ሰፈር ቆሟል። ሄዶ በእጁ ይዳስሰው።

ዓርብ ነበር። በፈረንጆች ጥቅምት 2016፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ።

ፈሪጅ አብዱልአዚዝ በሚባለው የዶሃ ሰፈር፣ ከተከራየሁበት ቤት ጣራ ላይ ልብስ አሰጣሁ። ወርጄ ሻይ ጣድኩ። ለምሠራበት ክሊኒክ የምለብሰውን ዩኒፎርም ተኮስኩ። የባለቤቴን የደረጀን ስልክ እንደ ሁልጊዜው ቻርጀር ላይ ሰካሁት።

ደረጀ የሞተው ነሐሴ ላይ ነው። አል ቱማማ፣ አንድ ያላለቀ የቪላዎች ግቢ በር ላይ ጥበቃ ነበር።

አለቃው ጥላሁን "ሥራውን ትቶ ስልኩ ላይ ጌም እያሳደደ ሲዞር ፀሐይ መታው" ብሎ ቃሉን ሰጠ። ኩባንያውም ጉዳዩን በዚያው ዘጋው።

ለቅሶ ሊደርሱኝ የመጡት እንኳ ደጃፌ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ይንሾካሾኩ ነበር።

"በጌም እኮ ነው አሉ የሞተው!"



ጌሙን አውቀዋለሁ። በዚያ ሰሞን ግማሽ ዶሃ ስልኩን ወደፊት ዘርግቶ በየአደባባዩ ትንንሽ አውሬዎች ይይዝ ነበር። ደረጀ ከያዛቸው ሁሉ የሚወደው አንዱን ነው። ከጉልበት የማያልፍ፣ እጁን በጨርቅ የጠቀለለ፣ ሁልጊዜ ለድብድብ የተነሳ ተፋላሚ። ጩጬ ይለው ነበር። ማሳደግ ይቻላል። እሱ ግን እምቢ አለ።

"ትንሽ ሆኖ ሲማታ ነው የሚያምረው።"

አንዱን አውሬ መርጦ የሆነ ቦታ ላይ ዘብ ማቆምም ይቻላል። የሌላ ሰው አውሬ እስኪያሸንፈው እዚያው ይቆማል፤ ሲሸነፍ ወደ ባለቤቱ ስልክ ይመለሳል። ደረጀ ጩጬን ከሥራው በር ፊት ለፊት ያለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ላይ አቁሞት ነበር።

"እኔ በሩን እጠብቃለሁ፣ ጩጬ ደግሞ እኔን" እያለ ይስቅ ነበር።

ያን ጠዋት ሻዩ ሳይፈላ ስልኩ ነዘረ።

"ተፋላሚዎ እየተዋጋ ነው።"

ስልኩ ሲም የለውም። ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ቤቱም ዋይፋይ የለውም።

ጌሙን ከፈትኩት...

ጩጬ ጀርባውን ሰጥቶኛል። እነዚህ አውሬዎች ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደሚያያቸው ሰው ነው። እሱ ግን ወደ ጨለማ ዞሮ የማይታይ ነገር ይመታል። በመታ ቁጥር ስልኩ እጄ ውስጥ ይነዝራል።

ድም... ድም... ድም...

ጥላሁን ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ደረጀ የወደቀበትን ቦታ አሳየኝ።"

"ምን ያደርግልሻል መዓዚ? ኸላስ፣ በቃ፣ ነፍስ ይማር በይ።"

"ዛሬ። አሁን።"

በመኪናው ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ ሙቀቱ እንደቀነሰ ሲያወራ፣ ዓይኑ አንዴም ወደ እኔ አልዞረም።

ግቢው ሥራ ቆሞበታል። ፏፏቴው ደርቋል። ከበሩ አጠገብ የጥበቃ ክፍሏ አለች፤ መዳፍ የምታህል መስኮት ያላት የቆርቆሮ ሳጥን። በሯ ላይ፣ ከውጭ፣ ጋን ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

"እዚህ ጋ ነው" አለ ጥላሁን፣ ፏፏቴውን እያሳየኝ። "ስልኩን እንደያዘ..."

የደረጀን ስልክ አነሳሁ። ጌሙ አውሬውን በካሜራው ፊት እንደቆመ አድርጎ ያሳያል። ፏፏቴው ላይ ምንም የለም። ቀስ ብዬ ዞርኩ...

ጥበቃ ክፍሏ ላይ ስደርስ ነዘረ።

ካሜራው የተዘጋውን በር ከውጭ እያየ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ውስጡ ነው። ጩጬ በሩን ከውስጥ ይመታል። አጠገቡ ሰማያዊ የውሃ ጆግ ተጋድሟል።

ጆጉን የገዛሁት እኔ ነኝ። ከደረጀ ዕቃ ጋር አልተመለሰልኝም።

ድም!

ይሄኛው ከስልኩ አልነበረም። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ጋን ቁልፉ ተወዛወዘ።

"ንፋስ ነው" አለ ጥላሁን በሹክሹክታ።

ንፋስ አልነበረም።

"ቁልፉ የታለ?"

"ባዶ ነው እኮ..."

"ጋሼ። ቁልፉ።"

ድም... ድም...

ላቡ በአገጩ ተንጠባጠበ።

"ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ነበር" አለ።

ምንም አልጠየቅኩትም ነበር።

"እየዞረ አስቸገረኝ። አለቃዬ ሙዲሩ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ብዬ ከውጭ ቆለፍኩበት... ኤሲው መበላሸቱን በእናቴ አላወቅኩም!"

"በሩን መታ?"

"መዓዚ..."

"መታ ወይ?"

"መታ።"

"ሰማኸው?"

ጋን ቁልፉን አየ። ከዚያ...

"የተናደደ መስሎኝ።"

"ሬሳውን ጎትተህ ፏፏቴው ጋ አጋደምከው። ስልኩንም እጁ ላይ አስያዝከው።"

አልካደም።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ብዬው አላውቅም።

"ክፈተው፣ አንተ!"

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተው።

ማንም የለም። ታምቆ የቆየ ሙቀት ፊታችንን ገረፈን። ጆጉ መሬት ላይ ተጋድሟል። በሩ ከውስጥ በኩል፣ በሰው ትከሻ ከፍታ ላይ ጎድጉዷል። ጉድጓዶቹ ውስጥ አቧራ ተኝቷል። ደረጀ የመታው ነው።

ከጉልበት በታች ደግሞ ሌሎች አሉ። ሎሚ የሚያካክሉ፣ የተጠጋጉ። አቧራ የላቸውም። ብረቱ ገና ያብረቀርቃል...

"ኩባንያው ፊት ትናገራለህ" አልኩት። "ለቅሶዬ ላይ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት ትናገራለህ። ምን እንዳደረግክ። ምን እንደሰማህ።"

"ኢንሻአላህ..." አለ፣ ወደ መኪናው እያፈገፈገ።

"ኢንሻአላህ አትበለኝ!"

ገብቶ በሩን ዘጋ። እዚያው ጥሎኝ መኪናውን አስነሳ። ሲያዞረው የኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን ከውስጥ ወደ ውጭ ጎበጥ አለ። ሎሚ የምታክል ጉብታ...

ድም።

እሑድ ጠዋት ጥላሁን ማንም ሳይጠራው ኩባንያው ሄዶ ሁሉንም ተናገረ። የነበሩት ሰዎች ነገሩኝ፤ ሲናገር መሃል መሃል ላይ እየቆመ "በሩን ክፈቱለት" ይል ነበር።

የቢሮው በር ክፍት ነበር።

ይቅር አላልኩትም።

የደረጀ ስልክ አሁንም ቻርጀር ላይ ነው። የያዛቸው አውሬዎች ሁሉ እንደነበሩ አሉ።

ጩጬ የለም።