የጊዝላ አቨርቡክ ምድር ቤት

አዘጋጁ ኦክታቭ ሉፓን ከመድረኩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ከበላዩ የመድረኩ ወለል መውረጃ መዝጊያ ተከፍቶ ቁልቁል ተንጠልጥሏል።

ኢንስፔክተር ስማራንዳ ኮዝማ የሩማንያዋ ያሽ ከተማ ወዳለው ትንሽ ቴአትር ቤት እንደደረሰች በሮቹን ሁሉ አስቆለፈች። መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ወጣቷ ተዋናይት ኢሊንካ፣ አንጋፋው ተዋናይ ቫሌሪዩ ኔግሩ እና ከእስራኤል፣ ከሃይፋ የመጣችው ሪፍካ። የሚለማመዱት ተውኔት የሪፍካ አክስት የጊዝላ አቨርቡክ ድርሰት ነው። ጊዝላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚህችው ከተማ ሸሽታ ሞንቴቪዴዮ በስደት ሞታለች፤ ጠፋ የተባለው ድርሰቷ የተገኘው አምና ነው። ተውኔቱ አይሁድ ጎረቤቶቹን «እደብቃችኋለሁ» ብሎ በገዛ ቤታቸው ምድር ቤት ካስገባቸው በኋላ ቆልፎባቸው ወታደር ስለጠራ ሰው ነው።

«ኦክታቭ ለመጨረሻው ትዕይንት መብራቱን ራሱ አጠፋ» አለች ኢሊንካ። «ጨለማ ሲሆን ሁልጊዜ ወደሚናገረው ሰው ተጠግቶ ነው የሚያዳምጠው። ከዚያ ሲወድቅ ሰማሁ። እባክዎ ልውጣ፣ አየር አጠረኝ።»

«ትንሽ ታገሺ። ያን ጊዜ የት ነበርሽ?»

«መድረኩ መሐል ተቀምጬ ነበር። አቶ ቫሌሪዩ ሲናገሩ ወለሉ ሥሬ ነዘረኝ።»

ስማራንዳ ወደ ታች ወርዳ መዝጊያውን አየችው። «መቀርቀሪያው የሚከፈተው ከሥር ብቻ ነው» አለች ስትመለስ።

«እንግዲያው እኔን ተይኝ» አላት ቫሌሪዩ። «መድረኩ ላይ የተሠራው የምድር ቤት በር ጋ ቆሜ ስናገር ሁለቱም ሰምተውኛል። ድምፁ ያልተሰማውን ሰው ጠይቂ።»

ድምፅዋ ያልተሰማው ሪፍካ ናት። ትናንት ከሟቹ ጋር መጣላቷንም አልደበቀችም።

«ኦክታቭ ‹የጎረቤቱን እውነተኛ ስም አግኝቻለሁ፣ በመክፈቻው ቀን መድረክ ላይ እጠራዋለሁ› አለኝ። አክስቴ ስሙን ያልጻፈችው አስባበት ነው፣ አትንካባት አልኩት። ስሙን ግን ለእኔም አልነገረኝም።»

«የአቶ ቫሌሪዩ ድምፅ በጨለማው እንዴት ነበር?»

«የታፈነ። ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። እንዴት ያለ ተዋናይ ነው ብዬ ነበር።»

ስማራንዳ ሦስቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ቫሌሪዩ፣ ቃልዎን በሩ ጋ ሆነው ይበሉልኝ። ሪፍካ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ተኙ፤ ጠዋት እከፍትላችኋለሁ» አለ።

«አሁን ደግሞ ከታች።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ወረደ። ቃሉ ከሳንቃው ሥር ሲሰማ ኢሊንካ ከወንበሯ ብድግ አለች። ሪፍካ ዓይኗን ሳትገልጥ «ይሄ ነው» አለች።

ቫሌሪዩ ሲመለስ ስማራንዳ ቀጠለች። «ኦክታቭ ድምፅዎን ተከትሎ መጣ፤ ድምፅዎ ከመውረጃው ሥር ነበር። ሲጠጋ መቀርቀሪያውን ሳቡት። እሱን የጠራው ድምፅዎ ነው ያሳጣዎት።»

«ለምን ብዬ?»

«የቴአትር ቤቱን አናጺ በስልክ ጠይቄዋለሁ፤ የመድረኩን ምድር ቤት በር መቀርቀሪያ በደረት ከፍታ ሲገጥመው ‹ከታች፣ ከእግር ጋ ነው› ብለው አስነቅለውታል። ተውኔቱ ይህን አይልም። ከየት አወቁት?»

ከእሱ በፊት ሪፍካ ተናገረች።

«እዚያ ምድር ቤት ተቆልፎባት የነበረችው እናቴም ሲቆለፍ ድምፁ ከእግራችን ጋ መጣ ትል ነበር።»

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ጎረቤቱ አባቴ ነው። ቤታቸውም ለእኛ ቀረ። ልጄ አሁን እዚያ ትኖራለች፤ ልጆቿ ግቢው ውስጥ ይጫወታሉ። ኦክታቭን ለመንኩት፣ ስሙን ተወው አልኩት። ሳቀብኝ።»

በሮቹ ተከፈቱ። ሰውየው ተይዞ ሲወጣ ሪፍካ አስቆመችው።

«ቤቱ የት ነው?»

ነገራት።

በማግስቱ የዚያን ቤት በር የከፈተችላት የቫሌሪዩ ልጅ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ፊት ነበራት። ሪፍካ ማንነቷን ነግራት ምድር ቤቱን ለማየት ጠየቀች። ሴትየዋ ወደ ደረጃው ሥር ወሰደቻትና በኖራ የተለሰነ ግንብ አሳየቻት።

«ልጅ ሆኜ በር ነበረው» አለች። «አባቴ አስደፈነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።»

ሪፍካ መዳፏን ግንቡ ላይ አሳርፋ ቆመች። ሴትየዋ ወጥታ መዶሻ ይዛ ተመለሰች።