የተደፈነችው ቀዳዳ

ወገኖቼ፣ ከጂንካ እስከ ካንጋተን እኔን መኮንንን የሚያህል በያጅ አልነበረም። እኔ ስበይድ ፀሐይ ራሷ ዓይኗን በእጇ ትከልል ነበር። ይህን የማወራችሁ ልኮራ ብቻ አይደለም፤ ኩራቴ የሰው ዓይን ስላጠፋ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ካንጋተን ለሚገኝ የማሽላ እርሻ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ተተከለ። የኦሞ ውሃ ደግሞ ግማሹ አሸዋ ነው። አሸዋው የውሃውን መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ ከውስጥ እየሞረደ በሁለት ወር በላው። እኔና ደምሰው ሌላ እንድንሠራ ታዘዝን። ደምሰው የጂንካ ልጅ ነው፤ የአሪ ተወላጅ፣ ብረት የሚቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ፣ ዝምተኛ። አሸዋው የሚመታውን ጎን በእጥፍ አወፈረው፤ ውስጡን እኔ በጠንካራ ብየዳ አለበስኩት። መቶ ዓመት ይቆያል ብዬ ስፎክር እሱ መሰርሰሪያውን አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልበሳው ነዋ፣ ጋሼ። ከውጭ በኩል፣ እስከ ግድግዳው ግማሽ ብቻ። አሸዋው ውስጥ ውስጡን በልቶ እዚህ ሲደርስ ቀዳዳዋ ታንጠባጥባለች። ያኔ እንለውጠዋለን።»

«የመኮንንን ሥራ? የኦሞ አዞ ሁሉ ተሰብስቦ ቢያኝከው ጥርሱ ይረግፋል እንጂ!»

«የሚበላው አዞ አይደለማ» አለና በሳው።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ደምሰው ጂንካ ሳለ፣ የፓምፑ ጠባቂ ጥሩብርሃን እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ቀዳዳዋ እያንጠባጠበች ነው! ደምሰው ይህን ስታዪ ፓምፑን አጥፊ ብሎኛል።»

«ላብ ነው፣ ልጄ። ለአብዮት በዓል እንግዳ እየመጣ ሥራዬን በሰው ፊት ልታዋርጂ ነው?»

«ብረት ያልበዋል እንዴ?»

«የእኔ ያልበዋል!»

ቀዳዳዋን በብሎን ደፈንኳት፤ ሞርጄ አስተካከልኳት፤ ቫልቩን እንዳለ ቀይ ቀለም ቀባሁት። ሙሽራ አስመሰልኩት።

በበዓሉ ቀን ደምሰው መጣ። ቀዳዳዋን የሸፈናት ቀለም ብቻ መስሎት ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሳት። «ደረቅ ናት! ገና ጤነኛ ናት» ብሎ ሳቀ። እንግዶቹ እያዩ መዝጊያውን ማዞር ሲጀምር የሳሳው የቫልቩ ግድግዳ ፈነዳ። ብረቱ ከነአሸዋው ፊቱ ላይ አረፈ። እንግዶቹ የትርዒቱ አካል መስሏቸው ለአፍታ አጨበጨቡ።

ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ።

ጂንካ ሐኪም ቤት ሄጄ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ፊቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ኮቴዬን ለየ።

«ጋሼ መኮንን፣ የጥልቀቷን ልክ ተሳስቼ ነው መሰለኝ። ቀዳዳዋ አልነገረችንም። ለአርቦሬ እርሻ የሚሠራውን ቫልቭ እንዳይበሱት ንገራቸው። በእኔ ሐሳብ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ።»

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ጥሩብርሃን ፈርታኛለች፤ ብሎኑን ኦሞ ወስዶታል። ዝም ካልኩ ግን የአርቦሬው ቫልቭ ያለ ቀዳዳ ይሠራል።

«ነግራን ነበር» አልኩት። «የደፈንኳት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ማለቱን ተወ።

«ከደፈንካት በኋላ ስንት ቀን ሠራች?»

«ዘጠኝ።»

«ለመለወጥስ ስንት ይበቃል?»

«ግማሽ ቀን።»

በሕይወቴ ምንም ሳልጨምር የተናገርኳቸው ቁጥሮች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ደምሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የአርቦሬውን ቫልቭ በገዛ እጄ በሳሁት። ወገኖቼ፣ በቤታችሁም በመሥሪያ ቤታችሁም የሚያንጠባጥብ ነገር ስታዩ ቀለም ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ፦ እናንተን አምኖ፣ ደረቅ ነው ብሎ ጎንበስ የሚለው ማን ነው?